ቡስ እና ባስ፦ በእንግሊዝ ቅላፄዎች መሀል ስድስት ቀን

አንደኛ ቀን፣ ለንደን

"ቱ ኦር ፍሪ?" አለኝ የታክሲው ሹፌር፣ ሻንጣዎቼን እያየ። ሁለት ናቸው ወይስ ሦስት ማለቱ እንደሆነ የገባኝ በጣቱ ሲቆጥር ሳይ ነው። የምሥራቅ ለንደን ሰው ነው። "ስሪ" የሚባለውን "ፍሪ" ይላል። "ዎተር" ሲል ደግሞ መሀል ላይ ያለችው ት ትጠፋለች፤ በእሷ ፋንታ ጉሮሮው ዝግት ሲል ይሰማል።

መንገዱን ሙሉ አወራኝ። የለንደን ጥቁር ታክሲ ለመንዳት ፈተና አለ። ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶችን በቃል መያዝ ያስፈልጋል። ለዓመታት አጥንቶ እንዳለፈ ነገረኝ። በዚያው ጨዋታ ውስጥ ሁለት ጊዜ "እኔ እንኳን ያልተማርኩ ሰው ነኝ" አለ። ማን ይሆን እንዲህ ብሎ ያሳመነው?

ለምን እንደመጣሁ ልናገር። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ታናሽ እህቴ በርሚንግሃም ትኖራለች። ልጇ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሕግ ማጥናት ትፈልጋለች፤ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ቃለ መጠይቅ እየተዘጋጀች ነው። ከሁለት ወር በፊት እህቴ ደወለችልኝ። "ወንድም ጋሼ፣ ልጅቷ አንደበቷን ልትቀይር ነው። ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆማ ትለማመዳለች" አለችኝ። አንዲት መምህርት "በዚህ አነጋገርሽ ቁም ነገርሽን የሚሰማሽ የለም" ብላታለች። ነገሩ ከነከነኝ። እረፍቴን ወስጄ ተነሳሁ። እህቴን ብቻ አይቼ ልመለስ ግን አልፈለግኩም። ያገሩን ቅላፄዎች በየቦታቸው ሄጄ በጆሮዬ ልሰማ ወሰንኩ።

ከሰዓት በኋላ ፖርትላንድ ፕሌስ ሄጄ የቢቢሲን አሮጌ ሕንጻ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1932 የተከፈተ ነው፤ ፊቱ የመርከብ አፍንጫ ይመስላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) "ትክክለኛ" የሚባለው እንግሊዝኛ ሬዲዮ ላይ አልተወለደም። ከአዳሪ ትምህርት ቤቶችና ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመጣ ነው። በየቤቱ ያስገባው ግን ሬዲዮ ነው። ቢቢሲ በ1926 የአነጋገር አማካሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ሊቀመንበሩ ባለቅኔው ሮበርት ብሪጅስ ነበር፤ ቀጥሎ ጆርጅ በርናርድ ሾው ተተካ። ዜና አንባቢዎች አከራካሪ ቃላትን እንዴት እንደሚጠሩ የሚመክሩት እነሱ ነበሩ።

ይህ አነጋገር አገር የለውም። ስትሰሙት ሰውየው ከየት ክፍለ ሀገር እንደመጣ አታውቁም። ከምን ዓይነት ቤት እንደመጣ ግን ታውቃላችሁ። ፒተር ትራድጊል የተባለው የቋንቋ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ይህን አነጋገር የሚናገረው ከሕዝቡ 3 በመቶ ያህሉ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። የቀረው 97 በመቶ በነዚህ ሰዎች አፍ ሲለካ ኖረ። የኔም ሹፌር ከነ25,000 መንገዱ።

ሁለተኛ ቀን፣ ብሪስቶል

ከፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። እዚህ ር ትሰማለች። ለንደኖች "ካ" ብለው የሚተዉትን መኪና ብሪስቶሎች "ካር" ይሉታል፣ ያውም ምላሳቸውን ወደ ኋላ ጠቅልለው። እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ለተማረ እንደኔ ላለ ሰው እፎይታ ነው። የተጻፈውን ፊደል ይጠሩታላ።

ለብዙ እንግሊዛዊ ጆሮ ግን ይህች ር ጭቃ የነካ ቡትስ ጫማ አድርጋለች። በቀልድ ውስጥ የሞኙ ገበሬ ናት። የባሕር ወንበዴም ናት። በ1950 በአንድ ፊልም ላይ ወንበዴ ሆኖ የተጫወተው ሮበርት ኒውተን የዶርሴት ተወላጅ ነበር፤ የተወለደበትን የምዕራቡን አካባቢ ቅላፄ አግንኖ ተናገረ፤ እስከ ዛሬ ወንበዴ የሚጫወት ሁሉ እሱን ይከተላል።

ድሮ ይህች ር በመላው እንግሊዝ ትነገር ነበር። ቆይቶ ለንደን ጣለቻት፤ ከዚያ መጣሏ የጨዋነት ምልክት ሆነ። ኒውዮርክ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። የቋንቋ ተመራማሪው ዊልያም ላቦቭ በ1962 በከተማዋ ሦስት ትልልቅ መደብሮች እየዞረ ሻጮችን አራተኛ ፎቅ ላይ ስላለ ዕቃ ጠየቀ። "ፎርዝ ፍሎር" የሚለውን መልስ ለመስማት ነበር። ር በብዛት የተሰማችው በውዱ መደብር፣ በጥቂቱ የተሰማችው ደግሞ በርካሹ መደብር ነው። አንዲት ፊደል ናት። በአንዱ አገር ባለርስት፣ በሌላው ጭሰኛ።

ሦስተኛ ቀን፣ በርሚንግሃም

የእህቴ ልጅ ጣቢያ ድረስ መጣች። ከኔ ቁመት በልጣለች። "አጎቴ፣ እንኳን ደህና መጣህ" ብላ አቅፋ ሳመችኝ። አማርኛዋ የእናቷ ነው፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ። ከዚያ ስልኳ ጮኸና ለጓደኛዋ በእንግሊዝኛ መልስ ሰጠች። "ቡስ" ልንይዝ ነው አለቻት። ባስ አይደለም፣ ቡስ። ከእንግሊዝ መሀል ጀምሮ ወደ ሰሜን "ካፕ" ኩፕ ነው፣ "ባስ" ቡስ ነው። የበርሚንግሃም ሰው በዚያ ላይ ዜማ ይጨምርበታል። ድምፁ ዝግ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ወረድ ይላል፣ ደክሞት ደረጃ እንደሚወርድ ሰው። ቅላፄው ብረሚ ይባላል። እኔ በጣም ወደድኩት።

እራት ከበላን በኋላ ስልኳን አምጥታ ሁለት ቅጂ አሰማችኝ። አንድ ጥያቄ ነው፣ መልሱን ሁለት ጊዜ ቀድታዋለች። የመጀመሪያው "በጥሩው" አነጋገር ነው። አናባቢዎቹ ንጹህ ናቸው። ነገር ግን ከቃል ወደ ቃል የምትራመደው በጥንቃቄ ነው፣ እንቁላል ላይ እንደምትሄድ። ሐሳቧ መሀል ላይ ተቋረጠና ሌላ ነገር ጀመረች። ሁለተኛው በራሷ ድምፅ ነው። ይፈስሳል። አንድ ምሳሌ አነሳች፣ ራሷ ተቃወመችው፣ መልሳ አሸነፈች። ለኔ ሁለቱ አይወዳደሩም።

"እውነቱን ንገረኝ አጎቴ፣ ያስጠላል?" አለችኝ።

"እንደ ዜማ ነው የሚሰማኝ የኔ ልጅ።"

"እሱማ አንተ ስለማታውቅ ነው" አለች።

ልክ ናት። ያለችውን ነገር ትራድጊል ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከሃዋርድ ጃይልስ ጋር ሆኖ በ1970ዎቹ ፈትሾታል። የብሪታንያን ቅላፄዎች ለማይለዩ የውጭ አገር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ድምፆቹን አሰሟቸው። እንግሊዞቹ "ያስጠላል" የሚሉትን እንግዶቹ እንዲያ አላሉትም። በርሚንግሃም የሚለው ስም፣ የፋብሪካው ጭስ፣ የሠራተኛው ሠፈር በአእምሯቸው ስላልነበረ ድምፁ እንዲሁ ድምፅ ነበር። አስቀያሚነቱ አፍ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንግዳውም ይሰማው ነበር። እኔም ዛሬ ማታ እንደዚያ እንግዳ ነኝ።

ጃይልስ ሌላም ነገር ሠርቷል። ሁለቱንም አነጋገር የሚችል አንድ ሰው ለሁለት የተማሪ ቡድን አንድ ዓይነት ንግግር አደረገ። ለአንዱ በ"ጥሩው"፣ ለሌላው በብረሚ። በ"ጥሩው" የሰሙት ተማሪዎች ሰውየውን የበለጠ ብልህ አሉት። ስለ እሱም ረዘም አድርገው ጻፉ። ከሁሉ የከፋብኝ ግን በ2002 የወጣ ጥናት ነው። ፖሊስ አንድ ተጠርጣሪ ሲጠይቅ የሚያሰማ ቅጂ ተዘጋጀ። ተጠርጣሪው በብረሚ ሲናገር የሰሙት ሰዎች፣ በመደበኛው ሲናገር ከሰሙት ይልቅ ጥፋተኛ ነው ወደ ማለት አዘነበሉ። ይህን ለልጅቷ አልነገርኳትም። ሕግ ልታጠና ነው።

እሷ ከተኛች በኋላ እህቴ የድሮ ነገር አነሳችልኝ። እንደመጣች ሰሞን ክፍል ለመከራየት ትደውል ነበር። አንድ ቤት አከራይ ድምፅዋን እንደሰማ "ተይዟል" አላት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንግሊዛዊት የሥራ ባልደረባዋ ወደዚያው ቁጥር ደወለች። ክፍሉ ክፍት ነበር።

"ከዚያ ወዲህ ስልክ ስፈራ ኖርኩ" አለች እህቴ። "ልጅቷ አሥር ዓመት ሲሆናት ስልኩን ለሷ ተውኩላት። ለባንክ እሷ፣ ለመብራት እሷ፣ ለሐኪም ቀጠሮ እሷ። የቤታችን አፍ እሷ ነበረች። የሷን አነጋገር ማንም አይንቀውም ብዬ ነበር ወንድም ጋሼ። አሁን እሷንም 'አስተካክይ' አሏት።"

ምን ብዬ እንደምመልስላት አላወቅኩም። ሻይዋ በረደ።

አራተኛ ቀን፣ ሊቨርፑል

ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ፤ መርሲ ወንዝ ላይ በጀልባ ተሻገርኩ። ጀልባው ላይ የሚሠራ ሰው ጋር ተግባባን። "ባክ" ሲል "ባኽ" ይላል። "ቺክን" ሲል "ቺኽን"። ኸ! እንግሊዝኛ ውስጥ ኸን እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ደስ ብሎኝ ደጋግሞ እንዲልልኝ ለመንኩት። እየሳቀ አለልኝ።

የሊቨርፑል አነጋገር ስካውስ ይባላል። ስሙ የመጣው መርከበኞች ይበሉት ከነበረ ወጥ ነው። ከተማዋ ወደብ ናት። በ1840ዎቹ በአየርላንድ ረሃብ ሲገባ ብዙ ሕዝብ በዚህ ወደብ ገባ። በ1851 ቆጠራ ከከተማዋ ነዋሪ ከአምስቱ አንዱ ያህል አየርላንድ ተወላጅ ነበር። ዛሬ የሚሰማው ቅላፄ ያንን ስደት ይዟል። የስደተኛ አፍ የከተማው አፍ ሆነ ማለት ነው።

ሰውየው ግን ስለ ሌላ ነገር ነገረኝ። ለንደን ሄዶ አፉን ሲከፍት "ቦርሳችሁን ያዙ" ብሎ የሚቀልድ ሰው አያጣም። የሊቨርፑል ሰው ሌባ ነው የሚባል የቆየ ቀልድ አለ። "አብሬ እስቃለሁ። ካልሳቅኩ ደግሞ ቁጡ ናቸው ይላሉ" አለኝ። ስልሳ ዓመት ይሆነዋል። ስንት ጊዜ ስቋል?

ይህ ኸ ግን እዚያው ወንዙ ላይ ሌላ ነገር ቀሰቀሰብኝ። አማርኛችንም ኸ አለው። "ከዚያ"ን "ኸዚያ" የሚል ሰው አለ። ከዓመታት በፊት ለአንድ የሥራ መደብ የቃል ፈተና ፈታኝ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። አንድ ወጣት ገባ። "ኸዚያ በኋላ" ሲል ከጎኔ ያለው ፈታኝ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። የልጁ የጽሑፍ ውጤት ከሁሉም ይበልጥ ነበር። በቅጹ ላይ "የመግባባት ችሎታ ይቀረዋል" ብዬ ጻፍኩ። የተናገረው ሁሉ ግልጽ ሆኖ ተሰምቶኝ ነበር እኮ። ሌላ ሰው ተቀጠረ። እዚህ ወንዝ ላይ ያስደሰተኝ ድምፅ እዚያ ወንበር ላይ አንድ ሰው እንጀራ አሳጥቶታል። የልጁን ስም ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ማታ ወንጌል ከፍቼ አነበብኩ። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ "አላውቀውም" እያለ ሲምል በዚያ የቆሙት ሰዎች አነጋገርህ ይገልጥሃል አሉት። ገሊላ ሰሜን ናት። ጴጥሮስ ዋና ከተማ የገባ የሰሜን ሰው፣ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሲክድ እንኳን በገሊላ ቅላፄ ነው የካደው። መጽሐፈ መሳፍንት ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ "ሺቦሌት በል" ይባላል፤ "ሲቦሌት" ያለ ይታረዳል። ሺ እና ሲ ብቻ።

አምስተኛ ቀን፣ ወደ ኒውካስል

ባቡሩ ሀደርስፊልድን፣ ሊድስን፣ ዮርክን አልፎ ይሄዳል። ይህ የዮርክሻየር አገር ነው። የሬዲዮ አቅራቢው የዊልፍሬድ ፒክልስ የትውልድ ከተማ ሃሊፋክስም ከዚህ ሩቅ አይደለችም። በ1941፣ በጦርነቱ መሀል፣ ቢቢሲ ፒክልስን የአገር አቀፉን ዜና እንዲያነብ አቀረበው። የጀርመን ፕሮፓጋንዳ የቢቢሲን አንባቢ አስመስሎ ለመናገር እንዲቸገር ታስቦ ነው ይባላል። ፒክልስ የሰሜን ሰው ቅላፄውን አልደበቀም። ለሰሜን ሰዎች "ጉድ ናይት"ን በአገራቸው አባባል "ጉድ ኒት" ብሎ ተሰናበተ። የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። በዚህ ድምፅ የተነበበ ዜና አይታመንም ያሉ ነበሩ። ዜናው ያው ነው፣ ጽሑፉም ያው።

ኒውካስል የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። የጣቢያዋ ሠራተኛ "ፔት" ብላ ጠራችኝ፣ ሆዴ እንደማለት ነው። ከተማውን "ታውን" ሳይሆን "ቱን" ይሉታል። ልጅን "ቤርን" ይሉታል፤ ኖርዌዮች "ባርን" እንደሚሉት ማለት ነው። ቅላፄው ጆርዲ ይባላል፤ ላይ ታች እያለ ይዘልላል።

ይህ ደግሞ የሚወደደው ነው። "ወዳጃዊ" ይባላል። ደንበኛን በስልክ የሚያስተናግዱ ማዕከሎች በዚህ አካባቢ በብዛት የተከፈቱበት አንዱ ምክንያት ቅላፄው እምነት ያሳድራል መባሉ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ታይን ወንዝ ዳር አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ተማሪ ግን ደስታዬን ቀነሰችው። ክፍል ውስጥ ጥናቷን አቅርባ ስትጨርስ "እንዴት ደስ የሚል ድምፅ ነው" ይሏታል። "ጥሩ ሐሳብ ነው ብሎኝ የሚያውቅ የለም" አለችኝ።

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ሙገሳውም ልክ እንደ ስድቡ ቦታህን ይነግርሃል። ስልክ ላይ ተወዳጅ ነህ፤ ዳኛ ወንበር ላይ ግን አይስሉህም። የተማሪዋ ፊት ላይ ቁጣ አልነበረም። ደክሟት ነበር።

ስድስተኛ ቀን፣ ወደ ለንደን መመለስ

የምሥራቁን መስመር ያዝኩ። ዶንካስተር፣ ከዚያ ግራንተም። ማርጋሬት ታቸር በ1925 የተወለዱት እዚህ ነው፣ አባታቸው የግሮሰሪ ባለቤት ነበሩ። ገና በልጅነታቸው የአነጋገር ትምህርት ወስደው የሊንከንሻየርን ቅላፄ አራገፉት። ፖለቲካ ውስጥ ከገቡ በኋላ ደግሞ ድምፃቸውን ለማወፈር ሠለጠኑ። የነበረው ግን ጨርሶ አልጠፋም። በ1983፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው፣ ፓርላማ ውስጥ ክርክሩ ሲግል ተቃዋሚያቸውን "ፍሪት" ነው ብለው ጮኹበት። ፈርቷል ማለት ነው፣ በሊንከንሻየር አነጋገር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቃል ሲናደዱ ወጣ። ባቡሩ ጣቢያውን ሲያልፍ ያ ቃል አሳዘነኝ። ያን ያህል ዘመን የት ተቀምጦ ነበር?

በዚህ አገር የ2010 የእኩልነት ሕግ ዘጠኝ ነገሮችን ከመድልዎ ይጠብቃል። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ዘር፣ ሃይማኖት፣ አካል ጉዳት አሉበት። ቅላፄ የለበትም። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የሕግ አንቀጽ ልልክላት አልችልም። የላክሁላት ሌላ ነገር ነው። በለንደን ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የተመራ አንድ ጥናት አለ። ሕዝቡ ለየቅላፄው የሚሰጠው ደረጃ ከጃይልስ የ1970 ጥናት ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። ግን እነዚሁ ተመራማሪዎች የሥራ አመልካቾችን መልስ በተለያየ ቅላፄ ቀድተው ለሕግ ባለሙያዎች አሰሙ። ባለሙያዎቹ ጥሩውን መልስ ከደካማው ለይተው ነጥብ ሰጡ። ቅላፄው ፍርዳቸውን እምብዛም አላዛባውም። "ሕግ ልታጠኚ አይደል፣ እነዚህ የወደፊት ባልደረቦችሽ ናቸው" ብዬ ጻፍኩላት። ከሥሩ የዚያን ልጅ ታሪክ ጨመርኩ፣ "ኸዚያ" ያለውን። እኔ ፈታኝ እንደነበርኩም ሳልደብቅ።

አንብባዋለች። ረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠችም።

ኪንግስ ክሮስ ልንደርስ ስንቃረብ የድምፅ መልእክት ገባ። ሰላምታ የለውም፣ ቀጥታ ልምምዱ ነው። ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ለመድረስ ስለምትይዘው አውቶቡስ ታወራለች። አንድ ሹፌር አንድን ሽማግሌ ሳንቲም ጎደለህ ብሎ ሲያስወርደው አይታ፣ ስለ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሰብ የጀመረችው ያኔ ነው። "ባሱ ላይ ተቀምጬ" አለች። ቆመች። ትንፋሿ ይሰማል።

"ቡሱ ላይ ተቀምጬ" አለች እንደገና፣ ከዚያ ቀጠለች።